ለቢሮም ለመንገድም የሚሆን አንድ የላፕቶፕ ቦርሳ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ድሬዳዋ ውስጥ በሒሳብ ምርመራ ሥራ ላይ ነኝ። ላፕቶፔ ባለ 15.6 ኢንች ነው። ለሥራ ወደ ሐረር በሚኒባስ እመላለሳለሁ፤ አልፎ አልፎም በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ። የቀድሞው ቦርሳዬ ዓመት ሳይሞላው ላዩ ተላጠ፤ አንደኛው ማንገቻም ከሥሩ ተገነጠለ። አሁን ሦስት ቦርሳዎች አይቻለሁ። አንዱ ቆዳ የሚመስል፣ የስልክ መሙያ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ቦርሳ ነው። ሁለተኛው ባለ 40 ሊትር የጉዞ ቦርሳ ነው። ሦስተኛው ታይዋን ገበያ ያገኘሁት ግራጫ የናይሎን ሰልባጅ ነው። አንድ ቦርሳ ለሁለቱም ሥራ ይበቃኛል? ከሦስቱስ የትኛውን ልግዛ?»

እህቴ፣ መልሱን አላጓትትብሽም፤ ግራጫውን ግዢ። አንድ ቦርሳም ለሁለቱም ይበቃሻል። ነገር ግን ገንዘቡን ከመቁጠርሽ በፊት የማንገቻውን ሥር፣ የላፕቶፑን ማረፊያና ዚፑን ፈትሺ። ከእነዚህ ሦስት ፍተሻዎች አንዱን ካላለፈ ተይው፤ ገበያው ሰፊ ነው፣ ሌላ ግራጫ ቦርሳ አይጠፋም።

ሥራዬ ቦርሳ መስፋትና የተበላሸውን መጠገን ነው። ገዢ ቦርሳን የሚያየው ከፊቱ ነው፤ ኪሱን ይቆጥራል፣ ምልክቱን ያነባል፣ መስታወት ፊት አንግቶት ይዞራል። እኔ ዘንድ ሲመጣ ግን ገበሩ ተገልብጦ ነው የሚታየው። ሲገለበጥ ደግሞ ውድ ይሁን ርካሽ፣ የወንድ ይሁን የሴት፣ ጉዳቱ የሚገኘው እነዚያው የታወቁ ቦታዎች ላይ ነው። የቦርሳ መሀል ሜዳው ላይ ተቀዶ የሚመጣ እምብዛም የለም። ስለዚህ «ይህ ቦርሳ ምን ምን አለው?» ከማለትሽ በፊት «ይህ ቦርሳ የቱ ጋ ነው የሚበላሽብኝ?» ብለሽ ጀምሪ። ሻጩ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አያጣም፤ ሁለተኛውን ግን ራስሽ በእጅሽ ዳብሰሽ ነው የምትመልሺው።

በተላጠው ቦርሳሽ ልጀምር፤ ምክንያቱም ጥቁሩን ከገዛሽ ያው ታሪክ ይደገማል። የተላጠው ነገር ቆዳ አልነበረም። ስስ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ልባጥ አዲስ ሲሆን ያምራል፣ ይለሰልሳል፣ ከሩቅ ከእውነተኛ ቆዳ አይለይም። ሙቀትና እርጥበት አብረው ሲያገኙት ግን ውስጡ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ መጀመሪያ እጅ ላይ መጣበቅ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻ እየተነሳ ይረግፋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ከውጭ ፀሐይ፣ ከጀርባሽ በኩል ደግሞ ላብ አለ። ለዚያ ዓይነት ልባጥ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። መላጥ የጀመረ ቦርሳ ደግሞ አይጠገንም። ቀለም ቢቀቡት፣ ማስቲሽ ቢለጥፉበት ከጎኑ ሌላው ይነሳል። ደንበኛ ይህን ይዞ ሲመጣብኝ ገንዘቡን ከመቀበል ይልቅ እውነቱን ነግሬ መመለስን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሚሰፋ ነገር የለውም።

እውነተኛ ቆዳ ሌላ ነገር ነው፤ ዕድሜው ረጅም ነው። ይሁን እንጂ ከባድ ነው፣ ጀርባ ላይ ይሞቃል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ቢሮ ውሎ ቤት ለሚገባ ሰው ያምራል፤ በሐረር መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎ ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ግን አልመርጠውም።

ጨርቁን በተመለከተ ሻጮች «600 ዲ» «1,000 ዲ» ሲሉ ትሰሚያለሽ። «ዲ» ማለት ዴኒየር የሚባለው የክር ልኬት ነው፤ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግርሻል። ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይወፍራል፤ ወፍራም ክር ሁሉ ግን ጠንካራ ጨርቅ አይሆንም። ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ባለ 420 ዴኒየር ናይሎን ሳሳ ብሎ ከተሸመነ ባለ 600 ዴኒየር ፖሊስተር ይልቅ መፋተግን ሊችል ይችላል። ፖሊስተር በበኩሉ ፀሐይን ከናይሎን በተሻለ ይቋቋማል። ላንቺ ሁለቱም ይሆናሉ። ጨርቁን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወደ ብርሃን አንሺው፤ በክሮቹ መካከል ብርሃን ነጠብጣብ እያለ ከወጣ፣ በጥፍርሽ ስትገፊውም ክሮቹ ከቦታቸው ከተንሸራተቱ፣ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን መልሰሽ አስቀምጪው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ማንገቻው ሥር። ላንቺም የተገነጠለው እሱ ነው። ማንገቻሽ ሲገነጠል ክሩ የተበጠሰ መስሎሽ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። የእንደዚህ ዓይነት ቦርሳ ገበር ስፈታ የማገኘው ይህንን ነው፦ የማንገቻው ጫፍ ከላይኛው መጋጠሚያ ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ገብቷል፤ በላዩ ላይ አንድ ረድፍ ስፌት አልፎበታል። ክሩ ደህና ነው፣ ጨርቁም ደህና ነው። የተበጠሰው መርፌው በተከታታይ የበሳቸው ቀዳዳዎች መሥመር ነው፤ ጨርቁ ልክ እንደ ፖስታ ቤት ቴምብር በቀዳዳው መሥመር ተቀዷል። ለዚህ ነው «በጠንካራ ክር ድገምልኝ» ማለት ብቻውን የማይጠቅመው። እዚያው መሥመር ላይ መርፌ በተደገመ ቁጥር ቀዳዳው ይበዛል፣ ጨርቁም ይበልጥ ይደክማል።

ጥሩ ቦርሳ ይህንን ጭነት በአንድ መሥመር ላይ አይጥልም። የማንገቻው ጫፍ ቢያንስ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ወደ ጀርባው ሰሌዳ ገብቶ ይሰፋል፤ ከላዩ ላይ ሌላ ጠንካራ ቁራጭ ይደረብበታል፤ በአራት ማዕዘን ተከቦ መሀሉ ላይ የመስቀል ስፌት ይሰፋበታል፤ ወይም ደግሞ አጫጭር፣ ጥቅጥቅ ያሉ የማጠንከሪያ ስፌቶች በተለያየ ቦታ ይመታሉ። ይህን ለማየት ቦርሳውን መፍታት አያስፈልግሽም። ዚፑን ክፈቺና እጅሽን ወደ ውስጥ አስገቢ፤ ማንገቻው ከውጭ በተሰፋበት ትይዩ ከውስጥ በኩል ዳብሺ። ወፈር ያለ፣ የተደራረበ ነገር ከተሰማሽ ጥሩ ነው። ስስ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ተጠንቀቂ። ከዚያ ቦርሳው ውስጥ ከባድ ነገር አስገቢና በአንድ ማንገቻ ብቻ አንጠልጥለሽ ሥሩን ተመልከቺ፤ ስፌቱ አፉን ከፍቶ ክሩ ጥርሱን ካሳየሽ ያ ቦርሳ ዓመት አይቆይም። ከላይ ያለችውን የእጅ መያዣም እንደዚሁ ፈትሺ። ሰው ቦርሳውን ከሚኒባስ ውስጥ ስቦ የሚያወጣው በእሷ ነው፤ ማንም ሳያስተውላት የምታልቀውም እሷ ናት። የማንገቻው የታችኛው ጫፍ፣ ጥብጣቡ ከቦርሳው ጎን ጋር የሚጋጠምበት ቦታ፣ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ተደርቦበት ካየሽ ሰፊው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላው ሁሉ አምሮሽ ሥሩ ብቻ ደከም ያለ ቦርሳ ካገኘሽ፣ አዲስ እንዳለ ወደ ሰፊ ውሰጂው። ከመቀደዱ በፊት ከውስጥ ጥብጣብ ደርቦ ማጠናከር ቀላል ሥራ ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ከተቀደደ በኋላ ግን የሚደረብበት ጤነኛ ጨርቅ ፍለጋ ጀርባው ሁሉ መፈታት አለበት።

ሁለተኛው ቦታ የላፕቶፑ ማረፊያ ነው። «ባለ 15.6 ኢንች» የሚለው የስክሪኑ ሰያፍ ልኬት ነው፤ 39.6 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የላፕቶፑ አካል ግን አብዛኛውን ጊዜ 36 በ25 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለጨዋታ የሚሠሩት ከዚያም ይሰፋሉ። ስለዚህ ቦርሳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኚ፤ ላፕቶፑን ራሱን ይዘሽ ሂጂ። አስገቢው፤ ሳይጎረብጥ መግባት አለበት፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ወዲያና ወዲህ መንቀጥቀጥ የለበትም።

አሁን ዋናውን ፈተና አድርጊ። ላፕቶፑ እንዳለ መዳፍሽን ከቦርሳው ሥር አድርገሽ ወደ ላይ አንሺው። የላፕቶፑ ጠርዝ መዳፍሽ ላይ ከተሰማሽ፣ ቦርሳውን መሬት ባስቀመጥሽ ቁጥር የምታስቀምጪው ላፕቶፑን ነው። የከዚራን የእግረኛ መንገድ፣ የባጃጅን ብረት ወለል፣ የቢሮን ሴራሚክ አስቢ፤ በቀን ስንት ጊዜ ነው «ጧ» የሚያደርገው? ማያ ገጹ በአንድ ቀን አይሰነጠቅም፤ የማዕዘኑ ማጠፊያ ግን እየላላ ይሄዳል። ደህና ቦርሳ የላፕቶፑን ኪስ ከወለሉ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ ያንጠለጥለዋል፤ ቦርሳው ሲወርድ ወለሉ ይመታል፣ ላፕቶፑ አይነካም። ሰልባጅ ቦርሳዎችን የምወድላቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ለቢሮ ተብለው የተሠሩት ብዙዎቹ ይህ ማንጠልጠያ አላቸው። ግራጫው ከሌለው ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ ማንኛውም የቦርሳ ሰፊ በኪሱ ወለል ላይ ወፈር ያለ ስፖንጅ በጨርቅ ሸፍኖ ሊሰፋልሽ ይችላል።

ስፖንጁንም ፈትኚው። በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ አጥብቀሽ ጨምቂው፣ ጥቂት ያዢውና ልቀቂው። ወዲያው ከተመለሰ ሕይወት አለው። ጣትሽ ያለፈበት ጎድጉዶ ከቀረ በላፕቶፕ ክብደት ወር ሳይሞላው ይተኛል። አርጅቶ የደከመ ስፖንጅ ደግሞ ሲጫኑት ከውስጥ የመፈርፈር ድምፅ ያሰማል፤ ገበሩ ላይ ቢጫ ብናኝ ካየሽም ከእሱ ነው።

ዚፕ ሦስተኛው ነው። ከዚፑ ራስ (ስንከፍትና ስንዘጋ ከሚንሸራተተው ብረት) ጀርባ ብዙ ጊዜ ቁጥር ይጻፋል፤ 5፣ 8 ወይም 10። የጥርሱን ስፋት የሚጠቁም ነው። ለትናንሽ ኪሶች 5 ይበቃል፤ ለዋናው አፍ ግን 8 ወይም 10 ይሻላል። ዋይኬኬ የሚል ከሆነ የጃፓን ኩባንያ ሥራ ነው፣ ጥሩ ዚፕ ነው፤ ነገር ግን ስሙን የሚያስመስሉ ስለሚበዙ በጽሑፉ ብቻ አትርኪ። ቦርሳውን ግማሽ ድረስ ሙዪና ዚፑን በአንድ እጅ ዙሪያውን ሳቢው። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ቆም ካለ፣ ወይም ሌላኛውን እጅሽን ካስፈለገው፣ ተጣሞ የተሰፋ ነው፤ ነገ የሚበላሸው እዚያው ማዕዘን ላይ ነው።

በድሬዳዋ ዚፕን የሚገድለው ጉልበት ሳይሆን አቧራ ነው። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ ሲነሳ የሚበነው ደቃቅ አሸዋ በጥርሱና በራሱ መካከል ይገባል፤ ዚፑ በተሳበ ቁጥር ራሱን ከውስጥ ይሞርደዋል። ራሱ ሲሰፋ ጥርሶቹን አጥብቆ መግጠም ያቅተዋል፤ ዚፑ ተዘግቶ ከኋላ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ «ዚፑ አለቀ፣ ሙሉውን ቀይርልኝ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ጤነኛ ነው፤ የሚቀየረው ራሱ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ቢገጥምሽ የራሱን ሁለት ጎኖች በፒንሳ ቀስ ብሎ ማጥበቅ ለጊዜው ያደርስሻል። ከዚያ ይልቅ አስቀድመሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥርሱን ጥረጊ፣ በሻማ ጫፍ አሸት አሸት አድርጊው። ዘይት ግን አታድርጊ፤ ዘይት አቧራውን ይዞ ያስቀረዋል።

መጠኑን በተመለከተ ባለ 40 ሊትሩን ተይው የምለው ለአውሮፕላኑም ለጀርባሽም ስል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ወደ ውስጥ ይዘሽ እንድትገቢ የሚፈቅድልሽ ቦርሳ 7 ኪሎ፣ ልኬቱም 55 በ40 በ23 ሴንቲሜትር ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። ላፕቶፕሽ 2 ኪሎ ገደማ፣ ባትሪ መሙያው ከነገመዱ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ፋይሎችሽ ግማሽ ኪሎ፣ ለሁለት ሌሊት የሚሆን ልብስና ነጠላ ጫማ 2 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ። 6 ኪሎ ሆነ። ቦርሳው ራሱ 1 ኪሎ ቢመዝን 7 ሞላ። ባለ 40 ሊትሩ ቦርሳ ከነወገብ ቀበቶውና ከነብረቱ ባዶውን ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሲሞላ ደግሞ ውፍረቱ 23 ሴንቲሜትርን ያልፋል። ያኔ «ይህ ከታች ይጫን» ትባያለሽ፤ ላፕቶፕሽን በሰው ፊት አውጥተሽ በእጅሽ ታቅፊያለሽ። በተጨማሪም ትልቅ ቦርሳ ባዶ አይቀመጥም፤ ቦታ ካለ የሚጨመርበት ነገር አይጠፋም፤ ቢሮ በሚዋልበት ተራ ቀንም ያንኑ ተሸክመሽ ትዞሪያለሽ። ሐረር ላይ በጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በጠባቦቹ መንገዶች ስታልፊም ሰፊ ቦርሳ ከግድግዳውም ከሰውም ጋር ያጋጭሻል።

ላንቺ ከ22 እስከ 28 ሊትር ይበቃል። ስታነግቺው የቦርሳው ወለል ከወገብሽ በታች መውረድ የለበትም፤ የማንገቻዎቹ ላይኛ ክፍልም በአንገትሽና በትከሻሽ ጫፍ መካከል መሀል ላይ መቀመጥ አለበት። ብዙ ቦርሳ የሚሠራው ለሰፊ ትከሻ ስለሆነ ሴቶች ላይ ማንገቻው ወደ ውጭ እየተንሸራተተ ያስቸግራል። ሁለቱን ማንገቻዎች ደረት ላይ የምታገናኝ ቀጭን ዘለበት ያለው ቦርሳ ይህን ያስቀራል። ማንገቻው ስድስት ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ይኑረው፤ ቀጭን ማንገቻ 7 ኪሎ ሲሸከም ትከሻ ይቆርጣል። ላፕቶፑ ደግሞ ከጀርባሽ ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ እንጂ ከፊት ኪስ አይሁን፤ ክብደቱ በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ ይጎትትሻል።

ስለ ስልክ መሙያ ቀዳዳው እውነቱን ልንገርሽ። ያ ቀዳዳ ኤሌክትሪክ የለውም። ከውስጥ ያስገባሽውን ፓወር ባንክ ከውጭ ጋር የሚያገናኝ አጭር ሽቦ ነው፤ በጥቂት ብር የሚገዛ ገመድ ያንኑ ይሠራል። በልዋጩ ቦርሳሽ ላይ ዝናብ የሚገባበት ቀዳዳ ተበስቷል። ፓወር ባንክ ስትገዢ ደግሞ የአውሮፕላኑን ሕግ አስታውሺ፦ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ከ100 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) መብለጥ የለበትም፣ ከታች በሚጫን ሻንጣ ውስጥም ፈጽሞ አይገባም። ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓቱ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል፤ 27,000 ድንበሩ ላይ ነው። ቦርሳሽን በመጨረሻ ሰዓት ወደ ጭነት ክፍል ቢወስዱብሽ እንኳ ፓወር ባንኩንና ላፕቶፑን አውጥተሽ ያዢ።

ሙቀቱ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀጂልኝ፤ የቦርሳ ጉዳይ ቢመስልም ላፕቶፑን የሚጎዳው ይበልጥ እሱ ነው። ብዙ የላፕቶፕ ባትሪዎች ሊቲየም ናቸው፤ ሊቲየም ባትሪ በሙቀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ክዳኑን ብቻ ከድነሽ ቦርሳ ውስጥ አትክተቺው። ክዳን መክደን ማጥፋት አይደለም፤ አንዳንዱ ቦርሳ ውስጥ እያለ ራሱ ነቅቶ መሥራት ይጀምራል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሐረር ደርሰሽ ስታወጪው እጅ ያቃጥላል። ከመንገድ በፊት ጨርሰሽ አጥፊው። ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ያሉት መቀመጫዎች ሥር ሞተሩ አለ፤ እዚያ ከተቀመጥሽ ቦርሳውን ወለሉ ላይ ሳይሆን ጭንሽ ላይ አድርጊው። ረዳቱ «ላይ ይጫን» ቢልሽ በጨዋ ቃል እምቢ በዪ። ጣሪያው ላይ ፀሐይም፣ ገመድም፣ የሌላ ሰው ጆንያም አለ። የተቆለፈ መኪና ውስጥ ቀትር ላይ መተው ደግሞ በድሬዳዋ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። ጥቁር ቀለም ሙቀት ይስባል፤ ግራጫውን ስመርጥልሽ ይህም አንዱ ምክንያቴ ነው።

ሌላው የመንገዱ ጠባይ ዝናቡ ነው። ከታች ድሬዳዋ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ደንገጎ ላይ ጉምና ዝናብ መቀበሉ የተለመደ ነው፤ ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «ውኃ የማያስገባ» የሚለው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ጨርቁ ነው እንጂ ስለ ስፌቱና ስለ ዚፑ አይደለም። ውኃ የሚገባው በመርፌ ቀዳዳና በዚፕ በኩል ነው። ዚፑን የሚሸፍን ክዳን ያለው ቦርሳ ይሻላል፤ ከሌለው ወፈር ያለ ፌስታል በአንዱ ኪስ ይኑርሽ፣ ላፕቶፑን በእሱ ጠቅልዪው። የውኃ ጠርሙስሽ ቦታው የውጭ ኪስ ነው፤ ክዳኑን ብታጠብቂውም ከላፕቶፑ ጋር አይደር። ስትመለሺ የምትሸምቺው ማንጎም እንደዚሁ በሌላ ፌስታል ይያዝ። ተጨፍልቆ ገበሩ ውስጥ የገባ የማንጎ ጭማቂ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቀው ያጠበው ሰው ነው።

ሰልባጅ ስለሆነ ግራጫውን ከላይ ካልኩት በተጨማሪ አፍንጫሽን አስገብተሽ አሽትቺው። የሻጋታ ሽታ ካለው ስፖንጁ ውስጥ ገብቷል፣ ታጥቦም አይለቅም። ቀጥሎ እጅሽን የውስጠኛው ጨርቅ ላይ አጥብቀሽ አሻሺ። ናይሎን ቦርሳም ከውስጥ በኩል ውኃ የሚከለክል ስስ ልባጥ አለው፤ ያ ልባጥ ካረጀ መዳፍሽ ላይ ይጣበቃል ወይም ነጭ ቅርፍርፍ ይረግፋል። እንደዚያ ካደረገ አትግዢው፤ የሚረግፈው ነገር የላፕቶፑ አየር ማስገቢያ ውስጥ ይገባል። የማንገቻው ስፖንጅ በቀድሞው ባለቤት ትከሻ ተጨፍልቆ ከሆነ ግን ያ ችግር አይደለም፤ ይቀየራል። የጎደለ ዘለበትም ይተካል። እነዚህን ጉድለቶች ለዋጋ መከራከሪያ አድርጊያቸው።

ስለ ሌባ ሁለት ቃል፦ ዚፑ ላይ የሚንጠለጠለው ቁልፍ ብዙ አይከላከልም፤ የፕላስቲክ ዚፕ በእስኪርቢቶ ጫፍም ይከፈታል። ቀፊራ ገበያ ሰው በበዛበት ስትገቢ ቦርሳውን ወደ ደረትሽ አዙሪው። ከጀርባ በኩል የተደበቀ ኪስ ካለው መታወቂያሽና ገንዘብሽ እዚያ ይግቡ።

ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በእጅሽ እጠቢው፤ ማሽን ውስጥ አይግባ፣ በረኪና አይንካው። ፀሐይ ላይ አታስጪው፤ ገልብጠሽ ጥላ ሥር አንጠልጥዪው፤ በእኛ አየር ጥላም ውስጥ ቢሆን ፈጥኖ ይደርቃል።

ምናልባት ገበያውን ዞረሽ የሚያረካ ካላገኘሽ፣ እዚሁ ከተማ ለሚገኝ የቦርሳ ሰፊ ይህን ልኬት ስጪው፦ ቁመቱ 46፣ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 16 ሴንቲሜትር፤ ይህ ብቻውን 22 ሊትር ነው፤ የፊት ኪስ ሲጨመር 25 ይጠጋል። ላፕቶፑ ረጅም ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ከጀርባ በኩል ይግባ፣ ኪሱም ከወለሉ ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። የማንገቻው ጫፍ አራት ሴንቲሜትር ወደ ጀርባው ገብቶ በአራት ማዕዘንና በመስቀል ይሰፋ፣ ከውስጥም ጥብጣብ ይደረብበት። ለዋናው አፍ 8 ቁጥር ዚፕ፣ ባለ ሁለት ራስ፣ ክዳን ያለው። ሰፊው ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ላፕቶፕሽን ይዘሽለት ሂጂና በዓይኑ ይለካው።